ናፍጣ ቢጨመርስ?



በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው የተሳካልን ነገር ነው። ከልምምድ የሚመለስ ሠልጣኝ ሁሉ ክፍሉ ጸጥ ብሎ እንዳዳመጠው፣ ተማሪዎቹም ሲሰናበታቸው እንዳለቀሱ ይጽፋል። እኛም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጀምረን ነበር፤ ሁለት ገጽ ከሄድን በኋላ ግን አፈርንና ቀደድነው። ምክንያቱም ከልምምዳችን ይዘን የተመለስነው ትልቁ ነገር አንድ የተሳሳተ መልስ ነው። መልሱን የሰጠነው በ2016 ዓ.ም. ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት በአዋሽ ሰባት ኪሎ ሲሆን፣ ስህተት መሆኑን የተረዳነው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ሰመራ ላይ ነው። በዚህ መካከል የአንድ ጭነት መኪና ሞተር ነደደ፤ አንድ ተማሪም ከትምህርቱ ቀረ።

«እኛ» የምንለው ሦስት የሳይንስ ክፍል ሠልጣኞች ነን። መልሱ ከማን አፍ እንደወጣ ለይተን አንጽፍም። በዚያን ሰዓት አንዱ ሰሌዳው ዘንድ ቆሞ፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፤ የኋለኞቹም ትክክል ነው በማለት ራሳቸውን ነቅንቀው አጽድቀውታል። ስለዚህ መልሱ የሦስታችንም ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎን ያላየ ሰው የባቡር ከተማ አድርጎ ያስባት ይሆናል። ሐሰት አይደለም፤ ከጂቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ በእርሷ በኩል ነው ያለፈው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ግን የባቡር ፉጨት ሳይሆን የጭነት መኪና ድምፅ ነው። አዋሽ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር፣ ሁለተኛው በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አድርጎ ወደ ጋላፊ፣ ከዚያም ወደ ጂቡቲ ይወስዳል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል የሚመጣ በመሆኑ፣ ነዳጅ የጫነው ቦቴ፣ ማዳበሪያና ስንዴ የጫነው ተሳቢ ሁሉ የሚተላለፈው በዚሁ መስመር ነው።

እንግዲህ የክፍላችን ተማሪዎች የሹፌር፣ የረዳት፣ የጎሚስታ፣ እንዲሁም ሻይ እያፈሉ ለመንገደኛ የሚሸጡ እናቶች ልጆች ናቸው። ኢቬኮን ከሲኖትራክ በድምፁ ብቻ ይለያሉ። እኛ መጽሐፉን እናውቃለን፤ እነርሱ መኪናውን ያውቃሉ። ይህን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ልብ ልንለው በተገባን ነበር።

የዕለቱ ትምህርት ለስምንተኛ ክፍል «ቃጠሎ» የሚል ነበር። ሻማ አብርተን በብርጭቆ ከደንነው፤ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። «ምን አነሰው?» ብለን ጠየቅን። ስልሳ ሁለቱም ተማሪዎች «አየር!» ብለው ጮኹ። ደስ አለን። ይኸኔ ከኋላ መስኮት አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፤ መኪና ላይ ናፍጣ ቢጨመርስ? አባቴ ፖምፓውን ላስከፍት ነው ይላል፤ ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት እያለ። ሞተሩ አይቃጠልም?»

ፖምፓ የሚሉት ናፍጣውን በኃይል ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚሰድደውን ክፍል ነው። የልጁ አባት የሚነዱት ቱርቦ ያለው ተሳቢ መኪና ነው፤ ንብረትነቱ ግን የሌላ ሰው ነው። እኛም ሰዓቱ እያለቀብን ስለነበር እንዲህ ስንል መለስንለት፦ «ነዳጅ ሲበዛ ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያቃጥለውም። የሚያቃጥለው አየር በዝቶ ነዳጅ ሲያንስ ነው።» ይህንኑም በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍነው። ልጁ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። ደወል ተደወለ፤ ወጣን። በዚያን ዕለት ምሳ ስንበላ ጥያቄውን በመመለሳችን ኮርተን እንደነበር አንደብቅም።

ያ መልስ ከየት መጣ? ከአየር ላይ የተዘገነ ውሸት አልነበረም። ከእኛ አንዱ ስለ ቱርቦ የቤት መኪናዎች ማንበብ ይወዳል። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ የሚያሽከረክረው፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦበታል። በውጭ አገር ቱርቦ ያላቸውን የቤንዚን መኪናዎች ጉልበት ለመጨመር ሌሊቱን ሙሉ ጋራዥ የሚያድሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። 1 ኪሎ ቤንዚን በልኩ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ ሲገፋ ግን እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው ቤንዚኑን ያበዙታል፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚደርሰው አየር 12 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ፒስቶኑን ከመቅለጥ፣ ሞተሩንም ያለጊዜው ከሚፈነዳ ቃጠሎ ይጠብቀዋል።

ስለዚህም ነው የቱርቦውን ግፊት ከመጨመራቸው በፊት የነዳጁን መንገድ የሚያሰፉት። በታንከሩ ውስጥ ያለውን ፓምፕ አቅሙ በሚበልጥ ይለውጡታል፤ ነዳጅ ረጪውን ማለትም ኢኜቶሪውን ሰፋ ባለ ይተኩታል፤ ኢኜቶሪው ያለ ዕረፍት ተከፍቶ እንዳይውልም በሙሉ ኃይል ጊዜ ከአቅሙ ከ80 እስከ 85 በመቶ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ። በእነርሱ ሞተር ነዳጅ ሲያንስ ነው ጥፋቱ። የእኛ ጓደኛ ያነበበው ይህንኑ ነው፤ ያነበበውም ትክክል ነው። ግን ስለ ቤንዚን ነበር። የተጠየቅነው ደግሞ ስለ ናፍጣ ነበር።

አስራ አምስት ቀን ያህል አለፈ። ያ ልጅ ሁለት ቀን ቀረ፤ ሦስት ቀን ቀረ፤ ሳምንት ሞላው። የክፍሉን አለቃ ብንጠይቀው፣ «የአባቱ መኪና ተበላሽታ እዚያ ሄዷል» አለን። ማታ እቤታቸው ሄድን። እናቱ በር ላይ ተቀብለው ወንበር አወጡልን፤ ቡና ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉን። «እናንተ ናችሁ እንዴ የሳይንሶቹ መምህራን? ልጄ ስማችሁን እያነሣ መከራዬን ያሳየኝ ነበር፤ እንዲህ አሉ፣ እንዲያ አሉ እያለ» ብለው ሳቁ። ከዚያም ነገሩን ያለ አንዳች ክፋት አጫወቱን። አባትዬው ፖምፓውን ለማስከፈት ሲያመነቱ ልጁ ደብተሩን አምጥቶ አነበበላቸው። «የተማረ እንዲህ ካለ እንግዲህ ምን ቀረኝ» ብለው በማግሥቱ ከመንገድ ዳር አስከፈቱት። አሁን መኪናው ሞተሩ ወርዶ ሰመራ ቆሟል። ረዳቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ስለሄደ፣ ልጁ ከጭነቱ ጋር እንዲያድር አባቱ ዘንድ ተልኳል።

ቡናው አልወረደልንም። ከቤቱ ስንወጣ ከሦስታችን አንዳችንም ለብዙ ጊዜ አልተናገርንም። በበነጋው ርእሰ መምህሩን ዐርብን አስፈቀድንና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰመራን መንገድ ያዝን።

ከአዋሽ ወደ ሰመራ መውረድ ማለት ከ900 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ከ500 ሜትር በታች መውረድ ነው። ገዋኔን ካለፍን በኋላ ከመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከፊት ለፊታችን የሚመጡት መኪናዎች በሙሉ የጫኑ ናቸው፤ እኛ ወደምንወርድበት የሚሄዱት አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እያየነው አላስተዋልነውም ነበር። የዚህ መስመር ሹፌር ሲወርድ ባዶውን፣ ሲወጣ ጭኖ ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን ሙቀት ሰንጥቆ፣ አዳማ ሲደርስ ከ1600 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጉልበት የሚፈለገው ሙቀቱ በሚያይልበትና አየሩ እየሳሳ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው ማለት ነው።

ጋራዡ ከሰመራ ዳር ነው። ከመካኒኩ በፊት ያገኘነው በር ላይ በጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበር። ከሦስታችን አንዱ አፋር ስለሆነ ከእርሳቸው ጋር ዳጉ ተለዋወጠ። ዳጉ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ይነግራል፤ እርሱም ይነገረዋል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጸጥታ። ሽማግሌው ጓደኛችንን በየመሐሉ እያቋረጡ «ይህን አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከሰማህስ ከማን?» ይሉት ነበር። የመጣንበትን ጉዳይ ሲነግራቸውም ያው ጥያቄ ደረሰን። «ለልጁ የነገራችሁትን አይታችሁት ነበር ወይስ ሰምታችሁ?» አንብበን ነው አልን። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ አንብበን ነው ብላችሁ ነገራችሁት?» አሉን። አላልነውም። ሰሌዳ ላይ እንደ ሕግ ነው የጻፍነው።

ወደ ውስጥ ገባን። ልጁ ከመኪናው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሲያየን ደንግጦ ተነሣ፣ «ቲቸር፤ ሰኞ እመጣ ነበር» አለ። እኛን ለመገሠጽ የመጣን አድርጎ ቆጥሮናል። አባቱ ከኋላ መጡ። ስንናገር በጽሞና አዳመጡን፤ ይቅርታ ስንላቸውም ቶሎ ብለው አቋረጡን።

«ልጆቼ፤ ያስከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ባዶዬን ስወርድ ድንቅ ነበረች፤ ጭሷ ብቻ ጠቆር ብሎብኝ ነበር። ጂቡቲ ጭኜ ጋላፊን አለፍኩ፤ ዲቾቶን አለፍኩ፤ ዳገቱን እየደረመሰችው፣ ሰው ሁሉ እየቀደምኩ፣ ቀጥ ብዬ መጣሁ። በግንቦት፣ በእኩለ ቀን! ሰርዶ ሳልደርስ አንድ ነገር ውስጧ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ። አቆምኩ፤ አለቀ።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንዲህ አሉን፦ «አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ለልጄ አናውቅም ብትሉት ኖሮ እኔ መካኒክ ፍለጋ እሄድ ነበር። የማውቀውም ሰው አለ። ያወቃችሁ ስለመሰለኝ ነው ያልሄድኩት።»

ከዚህ የበለጠ ቁጣ አልሰማንም። መቆጣትም አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ መካኒኩ ጠሩን። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከጠረጴዛ ላይ አንድ ፒስቶን አንሥተው ሰጡን። አናቱ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ጠርዙም እንደቀለጠ ሻማ ወርዷል። «አሉሚኒየም ነው» አሉ፤ «ልጆች፤ አሉሚኒየም በስንት ዲግሪ ይቀልጣል?» ይህን እናውቃለን፤ 660 አልን። «በጣም ጥሩ። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ፖምፓው ከልክ በላይ የተከፈተ ሞተር የሚወጣው ጭስ ከ700 ሊያልፍ ይችላል። ፒስቶኑን እስከዛሬ ያኖረው ከሥር የሚረጨው ዘይትና ከላይ የሚተርፈው አየር ነበር። አየሩን ናፍጣ በላው።»

ከዚያ በኋላ ያስተማሩን ትምህርት በየትኛውም የልምምድ ክፍል ከሰጠነው ይበልጣል፤ ባጭሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው ላይ በር አለው፤ ነጂው ሲረግጥ አየሩም ቤንዚኑም አብረው ይጨምራሉ። በተለመደው የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን እንዲህ የሚመጥን በር የለም፤ ሞተሩ የቻለውን ያህል አየር ይስባል፣ ጉልበቱን የሚወስነው የሚረጨው ናፍጣ መጠን ብቻ ነው። 1 ኪሎ ናፍጣ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይበቃዋል። ደኅና የናፍጣ ሞተር ግን በሙሉ ጭነት እንኳ ለ1 ኪሎ ናፍጣ 20 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ አየር ያገኛል፤ ጭነት ሳይኖረው ሲቆም ደግሞ ብዙ እጥፍ። ይህ ትርፍ አየር ብክነት አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነው። ናፍጣው እየበዛ ወደ 14.5 በተጠጋ ቁጥር እሳቱ እየጋለ ይሄዳል። ጥቁር ጭስ ማለትም አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ በገንዘብ ተገዝቶ በማርሚታ የሚጣል። በቤንዚን ያነበብነው በናፍጣ ተገልብጦ ይገኛል ማለት ነው።

«ታዲያ ፊያት ኤንትሬስ?» አልናቸው፤ የድሮ ሹፌሮች ፖምፓዋን ይነካኩ ነበር ሲባል ሰምተናልና። ሳቁ። «ኤንትሬ ቱርቦ አልነበራትም። ናፍጣ ሲበዛባት ታጨሳለች፣ ታስላለች፤ ራሷ ትነግርሃለች። ይቺ ግን ቱርቦ አላት። ናፍጣ ስትጨምርላት ጭሱ ይጋላል፤ ጭሱ ሲጋል ቱርቦው ይበልጥ ይሽከረከራል፤ በደቂቃ መቶ ሺህ ጊዜ የሚጠጋ ዙር ነው የምልህ። ለጊዜው አየርም ይጨምራል፣ መኪናዋም ትበራለች። ሰውየው ደስ ይለዋል። የምትነግርህ ካለቀላት በኋላ ነው።»

ቱርቦ ባላቸው ብዙ የቆዩ ፖምፓዎች ላይ አንዲት ክብ ሣጥን አለች፤ በውስጧ የጎማ ሽፋን አለ። ከቱርቦው በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ግፊት ሽፋኑን ሲገፋው ብቻ ተጨማሪ ናፍጣ ይለቀቃል። መሐንዲሶቹ ይህችን ያስቀመጡት፣ አየሩ ሳይመጣ ናፍጣው እንዳይቀድም ነው። የመንገድ ዳሩ ሰው የሚነካው ይህችንና የሙሉ ጭነት መወሰኛውን ቪቴ ነው። ካቻቪቴ ይዞ ግማሽ ዙር፣ አንድ ዙር፤ አለቀ። መለኪያ የለ፣ መመርመሪያ የለ። በአዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ቪቴው ቀርቶ ሥራው በኮምፒውተር ሆኗል፤ ናፍጣውም ከ1600 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭባቸው አሉ። ይሁን እንጂ በኮምፒውተርም ቢጨመር አየሩ ካልተጨመረ ፒስቶኑ ያው አሉሚኒየም ነው።

«ታዲያ ጭራሽ አይጨመርም ማለት ነው?» ብለን ጠየቅን። እዚህ ላይ መልሳቸውን በጥንቃቄ እንጽፈዋለን፤ ከእናንተ መካከል በዚህ መስመር የሚመደብ ይኖራልና፣ ይኸው ጥያቄ ይደርሰዋል። «ይጨመራል» አሉ። «ግን ናፍጣ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አየዋለሁ፤ በዚህ አቧራ ግማሹ ጉልበት የጠፋው እዚያ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ከቱርቦ እስከ ሞተር ያለው ቱቦ የሚያፈስ መሆን አለመሆኑን። ከዚያ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር፣ ራዲያተሩንም አጥባለሁ። ከዚያ የናፍጣ ፊልትሮውን። ኢኜቶሪዎቹን አውርጄ አንድ በአንድ አስመረምራለሁ፤ አንዱ ጠብ ጠብ እያደረገ ሌላው የሚረጭ ከሆነ ፖምፓ ብትከፍት ምን ይረባሃል? ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ካነሰ፣ ፖምፓው ወርዶ በመመርመሪያ ማሽን ላይ በልኩ ይስተካከላል፤ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያም ነጂው ፊት ይገባለታል። ዘጠኝ ከአሥሩ መኪና ግን ፖምፓው ጋ ሳልደርስ ጉልበቱ ይመለሳል።»

የልጁ አባት ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የእርሳቸው መኪና የአየር ፊልትሮ ሲወጣ በአቧራ ደድሮ እንደ ጡብ ሆኖ ነበር። መጀመሪያውኑ ያነሳት ናፍጣ አልነበረም። ያነሳት አየር ነበር። እኛ ደግሞ በዚያች ዕለት ብርጭቆ ሥር የጠፋውን ሻማ ለስልሳ ሁለት ልጆች አሳይተን፣ «ምን አነሰው?» ብለን ጠይቀን፣ መልሱን ከአፋቸው ተቀብለን፣ ከደቂቃ በኋላ ረስተነዋል። ትክክለኛው መልስ ጠረጴዛችን ላይ ነበር። ከዚያ ጀምረን ብናስብ ኖሮ ቢያንስ «አየሩስ?» ብለን ልጁን መልሰን እንጠይቀው ነበር።

የጥገናውን ወጪ ግማሽ ባለንብረቱ በሹፌሩ ላይ ጥሎታል። ከደመወዛቸው በየወሩ ይቆረጣል። እኛ ከኪሳችን ለማዋጣት ብንሞክር አልተቀበሉንም። «ይልቅ ልጁን ይዛችሁልኝ ሂዱ፤ ጭነቱን እኔ እጠብቃለሁ» አሉ። ያንን ተቀበልን። መካኒኩንም አንድ ነገር ለመንናቸው፦ ፒስቶኑን። «ለምን ይሁንላችሁ?» አሉ። «ለማስተማሪያ» አልን። በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን።

ቅዳሜ አራት ሆነን ወደ አዋሽ ተመለስን። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ክፍል ገባን። በሰሌዳው ላይ ያንኑ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ጻፍነው፤ ከዚያ ፒስቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነውና «ይህ መልስ የእኛ ነው፤ ስህተት ነው» አልን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ መስኮቱ አጠገብ አቀርቅሮ ተቀምጦ ነበር፤ ስሙን አላነሣንም፤ ሁሉም ግን ያውቃል።

ከዚያ አብረን አሰላን። የመማሪያ ክፍላችን ርዝመት 8 ሜትር፣ ስፋቱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር ነው፤ 144 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ለመቃጠል 12.2 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በሰመራ ሙቀት፣ 40 ዲግሪ ላይ፣ 1 ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 1.07 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ናፍጣ ከ11 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይበላል፤ ክፍላችን ሙሉ አየር የሚያቃጥለው 12 ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የጫነ ተሳቢ በመቶ ኪሎ ሜትር 50 ሊትር ቢበላ፣ በየ25 ኪሎ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ክፍል አየር ይጨርሳል። ተማሪዎቹ ጣራውን ቀና ብለው አዩት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በከፍታው ምክንያት የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አንድ አራተኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ ለአንድ ሊትር የሚያስፈልገው ከ13 ሜትር ኩብ ያልፋል። «ታዲያ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ናፍጣ መጨመር ነው ወይስ መቀነስ?» ብለን ጠየቅን። ያ ልጅ እጁን አወጣ። «አየሩን ሳያዩ መጨመር አይደለም» አለ። ከዚህ የተሻለ መልስ እኛም የለንም።

ውድ ሠልጣኞች፤ የምንማረው የማስተማር ዘዴ ለተማሪ ጥያቄ ፈጥኖ መልስ መስጠትን እንደ ብቃት ይቆጥርልናል። በምዘና ቅጹ ላይም ነጥብ አለው። እኛም በዚያን ዕለት ከተመልካቹ መምህር ሙሉ ነጥብ አግኝተናል። ነገር ግን የመምህር ቃል ከክፍል በር ላይ አይቆምም። በደብተር ተጽፎ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ማታ በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን ለአባት ይነበባል፤ አባትም የተማረ ተናገረ ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከዚያ በኋላ እኛ የለንበትም፤ ሰርዶ አጠገብ ዳገት ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ ወዲያ ሦስት ነገሮችን ለይተን ለመናገር ተስማምተናል፦ ያየነውን አየነው፣ ያነበብነውን አነበብነው፣ የማናውቀውን አናውቀውም። ይህን ያስተማረን የትምህርት ዘዴ መጽሐፍ ሳይሆን ከጋራዡ በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው።

ፒስቶኑ አሁን በማበልጸጊያ ማዕከላችን፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ስለ ቃጠሎ የሚያስተምር ሁሉ ፈርሞ ሊወስደው ይችላል፤ ሲጨርስ ይመልስ። እኛ የጻፍነው ከመካኒኩ የሰማነውን፣ በኋላም ከመጻሕፍት ጋር ያመሳከርነውን ነው። የመኪና ሥራ የምታውቁ መምህራንና ሠልጣኞች ስህተት ካገኛችሁበት፣ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከጽሑፋችን ጎን ለጥፋችሁ እንድታርሙን እንለምናለን። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ቦታውን ባዶ ትተንላችኋል።